ያቺን ዓ ፍለጋ

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ የደረሰብኝን ስታነቡ ከየትኛው ከፍታ ላይ እንደወደቅሁ እንድታውቁልኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። መቐለ የመጣሁት በሥራ፣ የቀረሁት በሚስት ነው። በሰፈራችን የዕድር ማስታወቂያ እኔ ሳላየው አይለጠፍም፤ ማመልከቻ የሚጽፍ ጎረቤት መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኳል። ባጭሩ፣ ስለ አማርኛ ወሬ ከተነሳ አንገቴ ትንሽ ረዘም ይላል።

ስለዚህ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የክረምት ትምህርት ስገባ የፈራሁት ሌላ ሌላውን ነበር። ከመመረቄ በፊት ባለው የመጨረሻ ክረምት ሳይኮሎጂ፣ ባዮሎጂና ጂኦግራፊ አንድ ላይ ተከመሩብኝ። አራተኛው ሥነ ድምፅ የሚባል የቋንቋ ኮርስ ነው። ባለቤቴ "የቋንቋውስ እንዴት ነው?" ስትለኝ ሻዬን እያማሰልኩ "እሱማ የእናቴ ቤት ነው" አልኳት። ሰው ከእናቱ ቤት ሊባረር እንደሚችል ያን ጊዜ አላውቅም።

ባለቤቴ ዓለም ትባላለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ናት፤ ጠማማ ስፌት ከሩቅ ትለያለች፣ ጠማማ ባልም እንደዚያው። ስሟን በጽሑፍ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። የሰርጋችንን መጥሪያ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ በዐይኑ ዓ ነው የተጻፈው። ችግሩ አፌ ላይ ነው። እኛ አገር ዐይኑን ዐም ሆነ አልፋውን አ በአንድ ድምፅ ነው የምንጠራቸው፤ ለተማሪ "ይሄ ዐይኑ ነው፣ ይሄ አልፋው ነው" ብለን በስም እናስተዋውቃቸዋለን እንጂ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። መቐለ ውስጥ ግን ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። ሰው ሁሉ "ዓለም" ብሎ ከጉሮሮው ሥር ሲጠራት እኔ ባሏ "አለም" እላታለሁ።

ይህን እንደ አባቷ ያስተዋለ የለም። ኣቦይ ሓጎስ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ እኛ ጎራ ይሉ ነበር። በር አያንኳኩም። የብረት በሩ ጋ ይቆሙና አንዴ ብቻ "ዓለም!" ይላሉ። ዓለም የያዘችውን ሁሉ ጥላ "ኣቤት ኣቦይ!" እያለች ትወጣለች። እኔ "አለም!" ስላት የምትመልስልኝ "እንታይ?" ብላ ነው፤ ምን ፈለግህ ማለት ነው፤ ያውም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። ሽማግሌው ይህን ሰምተው አንድ ቀን በሳቅ እየፈረሱ፦

"ስማ አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ሙሉ አድርጌ ነው የሰጠሁህ። ያቺን ዓ የት ጣልካት?" አሉኝ።

"እማራለሁ ኣቦይ" አልኳቸው።

"መዓስ?" አሉኝ። መቼ ማለታቸው ነው። መጠየቂያዋ ውስጥ እንኳ ዓ አለች!

ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር ሰላምታችን ይህ ሆነ። እሳቸው "መዓስ?" ይሉኛል፤ እኔ "በቅርቡ" እላቸዋለሁ። ዓለም በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመት ልታስተምረኝ ሞክራ ነበር፤ እኔ አፌን ስከፍት እሷ በሳቅ ስለምትወድቅ ትምህርቱ ከመግቢያው አላለፈም። ኣቦይ ሓጎስ አምና ዐረፉ። እኔም አልተማርኩም ነበር። ከዚያ በኋላ በራችን ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ስልክ ይደውላል። ዓለም ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እሑድ ጠዋት ግን ወደ በሩ ጠጋ ብላ የሌለ ሥራ ስትፈልግ አያታለሁ።

እንግዲህ ወደ ኮሌጃችን እንሂድ። እናንተዬ፣ ለካ ሰው ሳይማር እንዴት ያለ ጭፍን ሆኖ ነው የሚኖረው! የሳይኮሎጂው መምህር ስለ አንድ የሩሲያ ሊቅ ውሾች ነገረን። ደወል እየተደወለ ምግብ ሲሰጣቸው ከርሞ፣ በመጨረሻ ምግቡ ቀርቶ ደወሉ ብቻ ምራቃቸውን ያዘንበው ጀመር አለን። ሌላው ተማሪ ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ምክንያቱም የትምህርት ቤታችን ደወል ሲጮኽ አእምሮዬ ገና ሳይሰማ እጄ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ውሻው ከእኔ በምን ይለያል? እቤት ስገባ ይህንኑ ለዓለም ስነግራት "ውሻው ቢያንስ ዕቃ አይሰብርም" አለችኝ።

በሥነ ድምፅ ክፍል ግን መደነቄ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። መምህራችን ክብሮም ይባላል፤ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር እያንዳንዱን ፊደል በእጁ የሚያቀብል ዓይነት ሰው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ "ሰአሊ" እና "ሠዐሊ" ብሎ ጻፈ።

"በግዕዝ የመጀመሪያው ለምኚ ማለት ነው። ሁለተኛው ሥዕል ሳዪ ማለት ነው" አለ።

ቀዘቀዝኩ። ወጣት ሳለሁ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ "ሰአሊ ለነ" የሚለውን በትልቁ፣ በሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ! ቁመናው ያምራል ብዬ ነው የመረጥኩት። ያ ሁሉ ምእመን በሥሩ ቆሞ ምሕረት ሲለምን ግድግዳው ለካ ሥዕል ያዝዝ ነበር። እመቤታችን ደግ ሆና ዝም አለችን እንጂ እንደ ጽሑፌ ቢሆን ሰፈሩ በሥዕል ተጥለቅልቆ ነበር።

ከዚያ መምህር ክብሮም ተራ በተራ የዐይኑን ዓ ድምፅ እንድናሰማ አዘዘ። ክፍሉ ውስጥ በአማርኛ አፉን የፈታ እኔ ብቻ ነኝ። የተቀሩት አንድ በአንድ ተነሥተው እንደ ዋዛ "ዓ" እያሉ ተቀመጡ። ተራው ደረሰኝ። ተነሣሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ "አ" አልኩ።

"ዓ" አለ መምህሩ።

"አ" አልኩ።

"ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ መምህር።"

ሳብ አደረግሁት። ትንታ ሆኖ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ለተብርሃን፣ እሷም እንደኔ አስተማሪ ናት፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች "ኣጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ሕፃናትም መጀመሪያ ይቸግራቸዋል" አለችኝ። ማጽናናቷ ነበር።

በዚያው ቀን የኮርሱ ማጠቃለያ የቃል ፈተና እንደሆነ ተነገረን። የጉሮሮ ድምፆችን በአፉ ያላሰማ አያልፍም፤ ያላለፈ ደግሞ ለሌላ ክረምት ይቆያል። ዓለም ለዘመዶቿ ሁሉ የምርቃቴን ወሬ ነዝታ ጨርሳለች። የአማርኛ አስተማሪው በአማርኛ ትምህርት ክፍል፣ ያውም በፊደል ወደቀ ቢባል በየትኛው መንገድ ነው የምሄደው? ለዓለም ምንም አልነገርኳት። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እንቅልፍ የነሳኝ ውጤቱ ብቻ አልነበረም። "መዓስ?" የሚለው ድምፅ በጆሮዬ ይመላለስ ነበር።

ፍለጋውን የጀመርኩት በባዮሎጂ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሆዱ የሚከፈት፣ አካላቱ እየተነቀሉ የሚታዩ የፕላስቲክ ሰውዬ ቆሟል። ሁሉም ለሻይ ሲወጣ ቀርቼ ጉሮሮውን መረመርኩ። እንጥሉን አየሁ፣ ማንቁርቱን አየሁ። ይህ ሁሉ ዕቃ በእኔም አንገት ውስጥ አለ? ምግብ ከአየር ጋር ሳይጋጭ በዚህች ጠባብ መንገድ ነው የሚያልፈው? እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላመሰግን ስንት እንጀራ አሳልፌያለሁ! ዓ የምትወጣበትን ቦታ ለማየት ምላሱን ትንሽ ወደ ላይ ባነሣው ቀጥ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ልመልሰው ስል ሳንባው ወደቀ። ሳንባውን ሳነሣ ጉበቱ ተከተለ። የባዮሎጂው መምህር ሲገባ አንድ እጄ ሰውዬው አፍ ውስጥ፣ ሌላው ጉበት እንደያዘ ነው ያገኘኝ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለኝ።

"ፊደል ጠፍቶብኝ ነው" አልኩት።

ሰውየውን ሁለታችን ስንገጣጥም ቆይተን አንዲት ትንሽ ቁራጭ ተረፈችን። እስከ ዛሬ የምን እንደሆነች አልታወቀችም፤ ሰውየው ግን ያለሷም ደህና ነው።

ቀጥሎ የጂኦግራፊው መምህር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዓይናለም ወሰደን። መቐለ የምትጠጣው ውሃ ከዚያ ሜዳ ሥር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እንደሚወጣ እያሳየን፣ ከእግራችን በታች በዐለቱ መሃል ውሃ ተኝቷል አለን። ዙሪያዬን አየሁ፤ ጤፍ፣ ድንጋይ፣ ሁለት በሬዎች። ላይ ላዩ ደረቅ ሆኖ ሥሩ እንዲህ ሞልቶ! ፊቴን በየማለዳው የምታጠበው በዚህ ነው ለካ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አፈርኩና አቧራ ገባኝ አልኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ምድሪቱ ውሃዋን ከጥልቅ ካወጣች እኔም ድምፄን ከጥልቅ ላወጣ እችላለሁ። ከጓደኞቼ ራቅ ብዬ ከአንድ ካብ ጀርባ ቆምኩና ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ "አ... አይ... አይናለም!" እያልኩ መጮኽ ያዝኩ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ በሬዎቹን የሚጠብቁት ገበሬ ሮጠው መጡና በመዳፋቸው ጀርባዬን ያቀልጡኝ ጀመር።

"ትፋው! ትፋው ወደይ!" ይሉኛል። ወደይ ልጄ ማለት ነው፤ ቁራሽ አንቆኝ መስሏቸው ነው።

"ደህና ነኝ አባቴ! ፊደል ነው!"

"ምንም ይሁን፣ ትፋው!" አሉኝ።

ጀርባዬ አብጦ እቤት ገባሁ እንጂ ዓ አልወጣችም።

ተስፋ ስቆርጥ መስታወት ፊት ቆሜ፣ የስልኬን መብራት አፌ ውስጥ አብርቼ፣ በሻይ ማንኪያ ምላሴን ተጭኜ ጉሮሮዬን ማየት ጀመርኩ። ዓለም ድንገት ገባች።

"እዋይ! ጉሮሮህን አሞሃል እንዴ?"

አይ ብላት ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ አዎ አልኩ። ወደ ፋብሪካ መሄጃዋ ስለደረሰ ሓወልቲ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ደጃፍ ድረስ ሸኝታኝ ሄደች። ውስጥ አንዲት ሲስተር ጠፍጣፋ እንጨት ይዛ ተቀመጠች።

"ኣፍካ ክፈት" አለችኝ። ከፈትኩ። እንጨቱን ምላሴ ላይ ጭና ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። "በል፣ ዓ በል!"

"ዓ" አልኩ።

ወገኖቼ፣ ዓ አልኩ! ልክ እንደ ኣቦይ ሓጎስ፣ ልክ እንደ ሰፈሩ ሕፃናት። ድምፁ ከማንቁርቴ ወዲያ ካለ ጓዳ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ቤት ውስጥ በሩን ከፍቼ የማላውቀው ጓዳ ነበረኝ! ከወንበሬ ዘልዬ የሲስተሯን እጅ ያዝኩ።

"ሲስተር፣ በእግዚአብሔር ይድገሙልኝ!"

"ምንህን ነው የሚያምህ?" አለች እጇን እያስለቀቀች።

"ዓ ነበር። አሁን ተሻለኝ።"

ወደ በሩ ዞር ብላ "ደሓን ድዩ እዚ ሰብኣይ?" ብላ ጠየቀች፤ ይህ ሰውዬ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው። የመለሰላት ሰው የለም። በሞቀ የጨው ውሃ ተጉመጥመጥ ብላ አሰናበተችኝ።

መድኃኒቱ እንግዲህ ታወቀ። ያቺን የሻይ ማንኪያ በሸሚዝ ኪሴ ይዤ፣ ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባሉት ባሕር ዛፎች ሥር ልምምድ ገባሁ። ማንኪያዋን ምላሴ ላይ ስጫን ጉሮሮዬ ጭምድድ ይላል፣ ዓ ትወጣለች። "ዓይኒ፣ ዓርቢ፣ መዓር" እያልኩ ስንተባተብ እውላለሁ። ማንኪያዋን ሳወጣ ደግሞ ወዲያው "አይኒ፣ አርቢ፣ መአር" እሆናለሁ። ሌላም እንግዳ ነገር ገጠመኝ። አንድ ምሽት ዓለም ሾርባ አቅርባ አጠገቤ ማንኪያ ስታስቀምጥ ጉሮሮዬ በራሱ ጭምድድ አለ።

"ምነው፣ ሾርባው አልጣመህም?" አለችኝ።

"ጣፋጭ ነው" አልኳት በእንባ። እውነትም ልታመም ነው ብዬ ሰጋሁ።

የፈተናው ዕለት ቅዳሜ ነበር። መምህር ክብሮም ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንድ አንድ ሰው ያስገባል። ለተብርሃን ጨርሳ ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ መስኮቱ ሥር ቆመች። ገባሁ።

"ዓ ያለበት አንድ ቃል ምረጥ፣ መምህር" አለኝ።

"የመረጥኩት አለም ነው" አልኩና ከኪሴ ማንኪያዬን አወጣሁ፣ በመሃረብ ወለወልኳት፣ ወደ አፌ ሰደድኳት።

"እንታይ እዩ እዚ?" አለ መምህሩ ከወንበሩ እየተነሣ።

"መርጃ መሣሪያ ነው።"

ማንኪያዋን ተቀበለኝና ወደ ብርሃን አድርጎ አገላብጦ አያት። እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሷል። "የንግግር አካላት ብለን የተማርነው ከንፈር፣ ጥርስ፣ ምላስ፣ ላንቃ፣ ጉሮሮ ነው። ማንኪያ አልተማርንም።"

"መምህር፣ ያለሷ አይወጣልኝም።"

"ያለሷ ካልወጣ ያለፈችው እሷ ናት፤ ዲግሪውም ለእሷ ነው" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማናት ዓለም?"

"ባለቤቴ ናት። ለአባቷ እማራለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ሳልማር ሞቱ።"

ማንኪያዋን እንደያዘ እጁን ወደ ፊቴ ዘርግቶ "እስቲ እንግዲህ እንደምትጠራት ጥራት" አለኝ። ማንኪያዋ ከአፍንጫዬ ፊት አብረቀረቀች። ጉሮሮዬ በራሱ ጭምድድ አለ።

"ዓለም!" አልኩ።

ሁለታችንም ደነገጥን። በአፌ ውስጥ ምንም የለም! ወዲያው የሩሲያው ውሻ ታወሰኝ። ምግቡ ቀርቶ በደወሉ ብቻ! ሳይኮሎጂው አሠልጥኖኝ፣ ባዮሎጂው ጓዳውን አሳይቶኝ፣ ጂኦግራፊው ከሥር ያለ ነገር እንደሚወጣ ነግሮኝ፣ እነዚያ ሁሉ ኮርሶች አንዲት ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ተገናኙ። ዕውቀት እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው? ፀጉሬ ቆመ። መምህር ክብሮም ማንኪያዋን ቀስ ብሎ ከጀርባው ደበቀና "ድገመው" አለኝ።

"ዓለም!"

"አልፈሃል" አለኝ። ከመስኮቱ ውጭ ለተብርሃን እልልታዋን አቀለጠችው።

ማንኪያዬን ተቀብዬ ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ስደርስ በሩን ለማንኳኳት እጄን አነሣሁና ተውኩት። ከብረት በሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንዴ ብቻ ጠራሁ።

"ዓለም!"

ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ፤ የብረት ሳፋ ነበር። በሩ ተከፈተ። ዓለም በባዶ እግሯ፣ እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ቆማለች።

"ኣቦይ?" አለች።

አየችኝ። በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። "መን እዩ ጸዊዑኒ?" አለች።

"እኔ ነኝ የጠራሁሽ።"

"ኣይፋልን" አለች ራሷን እየነቀነቀች፤ አይደለህም ማለቷ ነው።

"እኔ ነኝ።"

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ክረምት ስለ አንድ ፊደል ስጨነቅ ምን ይዤላት እንደምመጣ አላሰብኩም ነበር። ቀና አለችና፣ ዓይኗ እንደሞላ፦

"ያቺን ዓ የት አገኘሃት?" አለችኝ።

ከኪሴ የሻይ ማንኪያዋን አውጥቼ ሰጠኋት።

"ማንኪያዬ!" ብላ ጮኸች። "የቤት ሠራተኛችንን አይደል እንዴ በዚች ማንኪያ ስነዘንዛት የከረምኩት!" እንባዋ እየወረደ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ማን እንደሚያለቅስ ማን እንደሚስቅ አልለይ አለ። ሳቁ ሲበርድ ማንኪያዋን በአረፋማ መዳፏ ጨብጣ ደበቀቻት።

"ድገሞ" አለችኝ።

"ዓለም" አልኳት።

"ኣቤት" አለችኝ።